«እንደውልልሻለን» ካሉኝ በኋላ

እኔ ከዚሁ የትምህርት ክፍል በ2014 ዓ.ም. በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ በማታው መርሐ ግብር ለሁለተኛ ዲግሪ የተመለስኩ ተማሪ ነኝ። በመካከሉ አሥራ አራት ወር ሥራ ስፈልግ አሳልፌያለሁ። ስለዚያ ጊዜና ከዚያ እንድወጣ ስለረዳኝ ነገር ላጫውታችሁ።

ነጥቤ መጥፎ አልነበረም። ሪፖርተር ጋዜጣን ረቡዕና እሑድ አገላብጣለሁ፣ የቴሌግራም ቻናሎችን ሌሊት ሳይቀር እከታተላለሁ። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ካየሁማ ዶክመንቴን ኮፒ አድርጌ ሩጫ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ብዙ ጊዜ አልፋለሁ። ከዚያ የቃል ፈተና ይመጣል። እዚያ ላይ በቃ፣ አለቀልኝ።

የመጀመሪያውን አልረሳውም። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አሉኝ። ስሜን፣ ደብረ ብርሃን መወለዴንና የተመረቅኩበትን ዓመት ተናግሬ ዝም አልኩ። አንደኛው ጠያቂ «እሺ፣ ሌላስ?» አሉ። ሌላ ምን አለ? ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ የሆነ ነገር አጉተመተምኩ። «እናመሰግናለን፤ እንደውልልሻለን» ብለው ሸኙኝ።

አልደወሉም። ሁለተኞቹም፣ ሦስተኞቹም፣ አራተኞቹም «እንደውልልሻለን» ብለው አልደወሉም። ማታ ማታ ግን ከደብረ ብርሃን አያቴ ትደውላለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እማማ ነው የምላት። የቤት ኪራዬን የምትልክልኝም አረቄ ሸጣ ነው። «እህ፣ ምን አሉሽ?» ትለኛለች። «እንደውላለን አሉኝ» እላታለሁ። «ይደውላሉ እንግዲህ፣ ስልክሽን እንዳታጠፊው» ትለኛለች። ከአራተኛው በኋላ ግን መጠየቋን ተወች። መጠየቋ ሳይሆን መተዋ አመመኝ።

ሥራ ፈልጎ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጽሑፍ ፈተና የወደቀ ሰው የሳተውን ጥያቄ ያስታውሳል፤ ቤቱ ገብቶ መጽሐፍ ይገልጣል። የቃል ፈተና ሲወድቅ ግን ምን እንዳጠፋ የሚነግረው የለም። ጠያቂዎቹ መምህራን አይደሉም፤ የመንገር ግዴታም የለባቸውም። ስለዚህ ያንኑ ስህተት ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ቢሮ ይሄዳል። እኔ አራት ጊዜ ተሸክሜው ሄጃለሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ዘመድ ስለሌለኝ ነው» እል ነበር። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አራት ጊዜ በተከታታይ ግን እኔንም አላሳመነኝም።

አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ «ቅዳሜ ከሰዓት የንግግር ክበብ አለ፣ ነይ» ስትለኝ ሳቅኩባት። ሥራ አጥቼ ደግሞ ወሬ ልማር? «ሻይ አለ» ስትለኝ ሄድኩ።

ክበቡ የሚሠራው ቶስትማስተርስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ዘዴ ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1924 የመሠረተው ራልፍ ስሜድሊ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና በምትባል ከተማ፣ በወወክማ ሕንፃ ውስጥ ነው የተጀመረው። ሴቶች በአባልነት የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ማለት ነው። ይህን ስሰማ ዝም ማለት የኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ገባኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዳንዶች ተዘጋጅተው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይናገራሉ። ሌሎች ድንገት ጥያቄ ይሰጣቸውና ቆመው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይመልሳሉ። ሰዓት ቆጣሪው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ ያወጣል። አንድ ሰው ደግሞ የማያስፈልጉ ድምፆችን ይቆጥራል፤ «እ...»፣ «ያው»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው»፣ «ምን መሰላችሁ»። ከሁሉ በላይ ግን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ገምጋሚ ይመደብለታል። ገምጋሚው ተነስቶ ምን እንዳማረና ምን ቢስተካከል እንደሚሻል በሰው ፊት ይናገራል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ድንገተኛው ጥያቄ ለእኔ ደረሰ። «አንድ ቀን ብቻ ከንቲባ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነበር። 38 ሰከንድ ተናገርኩ። በ38 ሰከንድ ውስጥ «ማለት ነው»ን ዘጠኝ ጊዜ፣ «እንትን»ን አራት ጊዜ ብያለሁ። ቆጣሪዋ ስታነብልኝ ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጉድ ነው! ያን ያህል ዘመን ስናገር አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

ትልቁ ነገር የመጣው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የመጀመሪያዬን የተዘጋጀ ንግግር ሳቀርብ ነው። ስለ ተግባር ልምምዴ ተናገርኩ። ገምጋሚዬ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ አመሰገኑኝ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያንቺ ድምፅ ደግሞ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ‹የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ...› ብለሽ ወረድሽ። ሠራሽ? አልሠራሽም? ሌላ ሰው ሲሠራ አየሽ? ጆሮዬን አቁሜ እንኳ አልሰማሁም።»

ደንግጬ ቀረሁ። እውነታቸውን ነው። የጠያቂዎቼ ፊት አንድ በአንድ ታወሰኝ። «ሠርቻለሁ» የሚለውን ቃል አራት ቦታ ውጬዋለሁ። ልምዴን የሰሙ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሰሙት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣም አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ጨዋ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን አታነሳም፣ ድምፅዋንም ዝቅ ታደርጋለች። ይህ አክብሮት ነው፤ አላፍርበትም። ሦስት እንግዳ ሰዎች ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ አክብሮቱን ከአለማወቅ ሊለዩት አይችሉም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «አክብሮትሽን አትተዪው፤ ድምፅሽን ግን እስከ ነጥቡ ድረስ አድርሺው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የተለማመድኩት ይህንኑ ነው፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ። ቤቴ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ሳይቀር።

ሌላም ተማርኩ። እኛ የአካውንቲንግ ልጆች «ቁጥር ራሱ ይናገራል» ማለት እንወዳለን። አይናገርም! አንድ ቅዳሜ ስለ እርጅና ቅናሽ ልናገር ተነሳሁ። አድማጮቼ ሹፌር፣ ነርስና ልብስ ሰፊ ናቸው። የመማሪያ መጽሐፉን ትርጉም ብሰጣቸው ይተኙብኝ ነበር። ስለዚህ እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት አመጣሁ። ምጣዷን በ10,000 ብር ገዛች እንበል፤ 5 ዓመት ያገለግላታል። በዓመት 2,000 ብር የሚሆነው ምጣድ ያልቃል ማለት ነው። የጤፉንና የመብራቱን ብቻ ቀንሳ የተረፈውን ሁሉ ትርፍ ነው ካለች፣ ምጣዷን እየበላችው ነው። ሹፌሩ ከወንበሩ ሆኖ «እኔም መኪናዬን እየበላሁት ነዋ!» አለ። በአራት ዓመት ትምህርት ያን ያህል ነገሩ ገብቶኝ አያውቅም። ለሌላ ሰው ማስረዳት ሲያቅተን ብዙ ጊዜ እኛም በደንብ አልገባንም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ክበብ ሥራ አይፈጥርም። አምስተኛው የቃል ፈተና ላይ ድምፄ አልጠፋም፣ ዓይኔም አልወረደም፤ ቢሆንም ተጠባባቂ ሆኜ ቀረሁ። ልዩነቱ፣ በዚህኛው የት እንደተሸነፍኩ አውቄ መውጣቴ ነው። የኤክሴል ጥያቄ ነበር፤ አልቻልኩም። ቤት ገብቼ ኤክሴል ተማርኩ። ደግሞም አፈ ጮሌ ሆኖ ባዶ መሆን አለ። እሱን የሚጠግን ክበብ አላየሁም።

በስድስተኛው ላይ «ካዝና ስትቆጥሪ ጉድለት ብታገኚና ገንዘብ ያዧ የቅርብ ጓደኛሽ ብትሆን ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነው። ለካ በየቅዳሜው እንዲህ ያለ ጥያቄ ስመልስ ከርሜያለሁ። ትንሽ ዝም ብዬ አሰብኩ። «ከእሷ ጋር እንደገና እንቆጥራለን፤ ጉድለቱ ያው ከሆነ ሁለታችንም ፈርመንበት ለኃላፊው አቀርባለሁ። ጓደኛዬ ስለሆነች ብሸፍነው ነገ የሚጠፋው የእሷም ስም ነው» አልኩ። ነጥቡ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቀጥሎ ስለ አንድ የሂሳብ ሶፍትዌር ጠየቁኝ። «አላውቀውም፤ እማራለሁ» አልኩ። ይህንንም እስከ መጨረሻው።

«እንደውልልሻለን» አሉኝ። በአሥረኛው ቀን ደወሉ። እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እማማ «ጮክ በይ እንጂ፣ አልሰማሽም» አለችኝ። ጮክ ብዬ ነገርኳት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እየወሰዱ ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ያወቅነውን አፋችን ማስረዳት መቻሉን አይለካም። ያንን ራሳችን ማዘጋጀት አለብን። የማኅበሩ አባል ክበብ ሆኖ ለመመዝገብ 20 አባላትና ክፍያ ይጠይቃል፤ ዘዴውን ለመለማመድ ግን አሥር ሰው፣ አንድ ባዶ ክፍልና የስልክ ሰዓት ይበቃል። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዷ «እንትን»ን ትቆጥራለች፣ አንዱ ይገመግማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ይቀያየራሉ። ገምጋሚው ከይሉኝታ ይልቅ እውነቱን መናገር አለበት፤ አለበለዚያ ሻይ መጠጣት ብቻ ይሆናል።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሰዓት ቆጣሪ ለመሆን ዝግጁ ነኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገሬ ሰው። ደጃዝማችነቱ ይቅር፤ የጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛነቱ እንዳይቀርብን።