ስሙ በረሃ፣ አየሩ ደጋ፦ ሽሪምፕና ሰላጣ በውቤ በረሃ

ውቤ በረሃን ካርታ ላይ ከመፈለግ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ይቀላል። ከፒያሳ እምብዛም የማይርቀው ይህ የአራዳ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባለውም እሱው ነው። በአዝማሪ ቤቶቹና በሌሊት ጨዋታው የገነነ ስለሆነ ዛሬም ስሙ ሲነሣ ትልልቆቹ ፈገግ ይላሉ። «በረሃ» የሚለው ቅጥያ ግን ከአየሩ ጋር አይገናኝም። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳው ጋቢ ያስደርባል።

ሰሞኑን በሰፈሩ ስዘዋወር ዓይኔ ያረፈው ጓሮው ላይ ነው። ምክንያቱም በማርኬቲንግ ሥራዬ ላይ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሽሪምፕና አትክልት በአንድ ውሃ አብሮ ማምረት ይቻላል ይባላል። እኛስ በግቢያችን ብንሞክረው?»

ዘዴው አኳፖኒክስ ይባላል። ዓሣው ወይም ሽሪምፑ በሮቶ ውስጥ ይበላል፣ ውሃውን ያቆሽሻል። ከቆሻሻው የሚወጣውን አሞኒያ ጠጠር ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ለተክል ማዳበሪያ ነው። ሰላጣው ማዳበሪያውን ይመጣል፤ የጠራው ውሃ በትንሽ ፓምፕ እየዞረ ወደ ሮቶው ይመለሳል። አፈር አያስፈልግም፤ ያው ውሃ ስለሚዞርም የሚፈጀው ውሃ በመሬት ላይ ከሚዘራው እጅግ ያነሰ ነው።

ሐሳቡ ለዚህ ሰፈር ለምን እንደሚስብ ለማወቅ ወደ ቀድሞው አትክልት ተራ መውረድ ይበቃል። ፒያሳ ለረጅም ዘመን የከተማዋ የአትክልት ጓዳ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲመጣ ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ግቢዎች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ገበያው ራቀ፣ ጓሮውም ጠበበ።

ከርቀቱ ይልቅ እናቶችን ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከምትበላው ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ከፊሉ የሚለማው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ነው። ወንዙ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል፤ በአትክልቱ ውስጥም ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። መቀቀል ጀርም ይገድላል፣ ብረቱን ግን አያስወጣም። ሰላጣ ደግሞ ጭራሽ አይቀቀልም።

እንግዲህ ሽሪምፑ ያዋጣል ወይ? በዓለም በብዛት የሚረባው የንጹሕ ውሃ ሽሪምፕ ማክሮብራኪየም ሮዘንበርጊ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ጥሩ አድርጎ የሚያድገው ውሃው ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። በአራዳ ብርድ ይህን ሙቀት ቀንና ሌሊት ለመጠበቅ የሚወጣው የመብራት ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ሌላም ጣጣ አለው። ትልቁ ሽሪምፕ በንጹሕ ውሃ ቢኖርም እጮቹ የሚያድጉት ጨው ባለበት ውሃ ነው። ስለዚህ ጫጩቱን ከሚያስፈለፍል ሰው በየጊዜው መግዛት ግድ ነው። ቅርፊቱን በሚቀይርበት ሰዓት ደግሞ እርስ በርሱ ይበላላል።

ከዚያ የገዢው ጉዳይ ይመጣል። በኦርቶዶክስ ቤት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ አይበላም፤ ነገሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ነው። ሽሪምፕን ቀርቶ ቆዳው ልሙጥ የሆነውን አምባዛን እንኳ የማይነካ ብዙ ነው። የሽሪምፕ ደንበኛ በዋናነት ሆቴሉ ነው። ቤተሰብ ግን መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ራሱ የሚበላውን ነው።

ሽሪምፕ የሚፈልገው እውነተኛውን በረሃ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በዚያችው ከተማና በሐዋሳ በቤተሰብ ደረጃ የአኳፖኒክስ ሙከራ ተካሂዷል፤ የተመረጠው ግን ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ ነበር። ለአገራችን የለመደ፣ ባለ ቅርፊት፣ ማንም የሚበላው ዓሣ ነው።

ለውቤ በረሃ ደግሞ ብርድ የሚችለው ካርፕ ይሻላል። ቆሮሶ የሚፈልግ ሰው ሮቶውን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቢያኖር ይመከራል፤ ያም ሆኖ እድገቱ ከቆላው ይዘገያል። ስለ ጫጩትና ስለ አያያዙ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከሉ እዚሁ ሰበታ ነው።

ልክ ለሚፈልግ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው መመሪያ ለ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዓሣ ይመክራል። ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ ይበቃል፤ በዚያች ቦታ ከ20 እስከ 25 ራስ ሰላጣ ይበቅላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አንድ ሁለት ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ ይቆይ። ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በብርድ ወራት ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ዓሣው አየር ያጥረዋልና ፓምፑ ባትሪ ይኑረው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ሮቶው ሁልጊዜ ይከደን።

ከሁሉ የምወድለት ጠባዩ አንድ ነው፦ አያጭበረብርም። ሰላጣው ላይ ፀረ ተባይ የረጨ ሰው መጀመሪያ የሚገድለው የራሱን ዓሣ ነው። ውሃው ከተበከለ ዓሣው ከእኛ ቀድሞ ይናገራል። ከየት እንደመጣ በማናውቀው ቅጠል ለምንሳቀቅ ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሽሪምፑን ለሸዋ ሮቢት እንተውለት። ውቤ በረሃ ላይ ግቢ የቀረላችሁ፣ ወይም ከዚያ ወጥታችሁ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የደረሳችሁ፣ በአንድ ሮቶና በአንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ ጀምሩ። ዓሣውን መመገቡን ለልጆቹ ስጧቸው፤ እነሱ አይረሱትም።