ከቁስቋም እስከ ዳባት

ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ሲከበር ጎንደር ላይ ተገኝቶ የማያውቅ ሰው፥ ስደት የሚለውን ቃል ግማሹን ብቻ ሰምቶታል ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያለው ወርኃ ጽጌ፥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋራ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ወራት መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ጾሙ የፈቃድ ጾም ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ብዙ እናቶች ከዐዋጅ ጾም ሳያሳንሱ ይጾሙታል። በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ሜዳው በዐደይ አበባ ተሸፍኖ ሳለ፥ በመቅደሱ የእናትና የሕፃን እንግልት ይዜማል።

እኛ የጎንደር ነዋሪዎች በየዓመቱ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እንወጣለን። የ2015 ዓ.ም. በዓል ግን ለእኛ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነበረ። በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ እኛም በማግሥቱ ወደ ዳባት ወጥተን፥ ጦርነቱ ካለፈባቸው ወዲህ በአግባቡ ያልጠየቅናቸውን አክስታችንን ለማየት ተነሥተናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአንድ በዓልና የአንድ አጭር ጕዞ ማስታወሻ ነው።

ቁስቋም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ በተራራ ግርጌ ይገኛል። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑንና አዳራሻቸውን በዚያ አሠሩ፤ ስሙንም ቅዱሳኑ በግብፅ ምድር ባረፉበት ተራራ ሰየሙት። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህም ደብር ተቃጥሎ ነበርና፥ ዛሬ የምንሳለመው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የታነጸ ነው። የአዳራሹ ግንብ ግን ጣራው እንደ ወደቀ ቆሟል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት መስቀሎች ከሩቅ ይታያሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ከዚያ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳቦ ስንቈርስ፥ በልጅነታችን ድጓ ያስቈጠሩን አንድ አረጋዊ የኔታ አብረውን ነበሩ። እኛም የመምህርነት ልማድ ሆኖብን፥ «የኔታ፥ ስደት ማለት መሄድ ነው ወይስ መነዳት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ፥ ነጂ የሌለው መንገደኛ እንጂ ስደተኛ አይባልም» አሉን። «ሄሮድስ ባይነሣ እመቤታችንን ከቤተ ልሔም ማን ያስወጣት ነበር? ቃሉን ስታነሣ ሄሮድሱ ማን እንደ ሆነ ጠይቅ።»

ይህን ብለው ወደ ዳቧቸው ተመለሱ። እኛ ግን ጥያቄውን ይዘን ከተራራው ወረድን።

በግእዝ ሰደደ ማለት አባረረ፥ ነዳ፥ ከስፍራው አስወጣ ማለት ነው። አማርኛችን ይህን ሥር ተቀብሎ በብዙ አቅጣጫ አስፋፋው። አባቶቻችን በደብዳቤያቸው ሰላምታ ይሰዱ ነበር፤ በበጋ ተነሥቶ ሣሩን የሚበላው እሳት ሰደድ ይባላል፤ ዛፍም ሥር ይሰዳል። አሳደደ ስንል ተከታትሎ ማስጨነቅ ነው፤ ሳውል ወደ ደማስቆ ሲወርድ አሳዳጅ ነበረ። ተሰደደ ግን ተባረረም፥ አገሩን ለቅቆ ሄደም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ስደት የሚለው አንድ ቃል በሰው ላይ የሚደርሰውን ግፍም፥ ያ ሰው የሚሄደውን መንገድም ይይዛል። እንግሊዞች ለሁለቱ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት አሏቸው። በእኛ ዘንድ ግን መንገዱ ይታያል፤ ግፉ ከመንገዱ ኋላ ተሸሽጎ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ ቃሉ በሁሉም አፍ ውስጥ ይገባል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ «ስደት ልወጣ ነው» ትላለች፤ ያባረራት ድህነት ነው ብንል ልክ ነው፥ ነገር ግን ድህነት ሄሮድስ አይደለም፤ ከድህነቱ ጀርባ ሰው ካለ ያ ሰው ራሱን ችሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሹመት የቀረበትም ሰው ተሰደድሁ ይላል። ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። በጕልምስናችን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ በተዛወርን ጊዜ፥ ለአንድ መሥሪያ ቤት በጻፍነው አቤቱታ «ስለ እውነት በመቆማችን ተሰደድን» ብለን ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ነበረ፤ ደመወዛችንም አልተቀነሰም። የዚያ አቤቱታ ግልባጭ እስከ ዛሬ በሣጥናችን አለ፤ ባነበብነው ቍጥር ፊታችን ይቀላል።

ወደ ፋሲል ግንብ ስንደርስ የዚህ ቃል እውነተኛ ታሪክ ከፊታችን ቆመ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባዘዙ ጊዜ ካህናት ዳግመኛ እንዲሾሙ፥ ምእመናን ዳግመኛ እንዲጠመቁ ተደረገ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከንጉሡ ሹማምንት አንዱ የነበረውን ባሏን ትታ መነነች፤ ስለ ሃይማኖቷ ወደ ቆላ ተጋዘች፤ በኋላም በጣና ዙሪያ ማኅበር አቋቋመች። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በሰኔ 1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ተዉ። ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ከተማችን ከስደት ማግሥት የተወለደች ናት ማለት ነው፤ ይህንም በኩራት ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖረናል።

በኩራት የማናስተምረው ደግሞ አለ። ከተማይቱ በተቈረቈረች በሁለተኛው ዓመት አጋታንጌሎስና ካስያኖስ የሚባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በዚሁ በጎንደር ተሰቅለው ሞቱ፤ ሮማውያን ከሰማዕታት ቈጥረዋቸዋል። ዐፄ ፋሲል ካረፉ በኋላም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1668፥ በልጃቸው በጻድቁ ዮሐንስ ጊዜ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ፥ እስላሞችና ፈላሾች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ወሰነ። ወደ ቀሃ ወንዝ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አዲስ ዓለም የእስላሞች ሰፈር ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ሰዎች ከአገር አልወጡም። ስለዚህ በመጻሕፍታችን ውስጥ ተሰደዱ የሚል ቃል አልተጻፈላቸውም።

አዲስ ዓለምን ስንጠራ የሚያሳዝነንን ነገር ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ ገና በትንሣኤ ሰሙን ውስጥ ሳለን፥ በጎንደር አንድ የሃይማኖት አባታቸውን ለመቅበር የወጡ እስላሞች በመቃብሩ ቦታ አደጋ ተጣለባቸው። ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ፤ በከተማውም ንብረት ተዘረፈ። ወዲያው ደግሞ በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በዚያ ሰሞን ሁለቱም ወገን ስደት ደረሰብን ይል ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነበረው። ነገር ግን የጎንደሩን ክርስቲያን ስለ ጎንደሩ ስትጠይቀው ስለ ወራቤ ይመልስልሃል።

ትምህርት ቤታችን እንደ ገና በተከፈተ ጊዜ፥ ሐሳቡ ደግ መስሎን፥ ተማሪዎቻችን ስለ ስደት አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝናቸው። ክርስቲያኖቹ ስለ ግብፁ መንገድ ጻፉ። ከእስላሞቹ ልጆች አንዳንዶቹ ነቢያቸው ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ንጉሥ ስለ መላካቸው ጻፉ፤ ይህም በደስታ የምናነበው ነገር ነው። የአባቷ ሱቅ ከተዘረፈባቸው አንዷ ግን ባዶ ወረቀት አመጣችልን። ምክንያቱን ስንጠይቃት፥ «መምህር፥ እኔ እኮ የትም አልሄድኩም» አለችን። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራችን እንዲህ ያለ መልስ የሌለው መልስ ሰምተን አናውቅም። ሙሉውን ነጥብ ሰጠናት፤ ይህም ትክክል መሆኑን እስከ ዛሬ እንጠራጠራለን፤ ነጥብ የጠየቀን አልነበረምና።

በማግሥቱ ማለዳ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ተነሣን። ከከተማው ብዙ ሳንርቅ ወለቃ ደረስን። በመንገዱ ዳር ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ምስሎች ለመንገደኛ ይሸጣሉ፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሰሌዳም አለ፤ ሠሪዎቹ ግን አብዛኞቹ የዱሮዎቹ ሰዎች አይደሉም። የዱሮዎቹ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር። እኛ ፈላሻ አልናቸው። ግእዝ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል፤ ፈለሰ ማለት አገር ለቀቀ፥ ተሰደደ ማለት ነውና። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ታወጀ፥ ስሙም ከዚያ መጣ እየተባለ ይተረካል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ተራሮች ወጓቸው። ዐፄ ሱስንዮስም፥ እነዚያው ወለተ ጴጥሮስን ያሳደዱት ንጉሥ፥ እነዚህንም በግድ እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ያልታዘዙትን አስገደሉ። ያን ጊዜ በአንድ አሳዳጅ እጅ ሁለት ሕዝብ ተሠቃየ፤ እኛ የአንዱን ብቻ እናስታውሳለን። የቀሩት በተወለዱበት ምድር ርስት የለሽ ሆነው ሸክላና ብረት ሲሠሩ ኖሩ። ማረሻችንን የቀጠቀጠልንን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል አልነው።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ ከነዚያም በሺሕ የሚቈጠሩ በመንገድና በሰፈር እያሉ አለቁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ አሥራ አራት ሺሕ ያህል ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። የአገራችን ሰው ይህን «ፈላሾች ወደ አገራቸው ገቡ» ብሎ ይተርከዋል። ሲኖሩ ስደተኛ ብሎ ጠርቷቸው፥ ሲሰደዱ አገራቸው ገቡ ማለቱ ያስገርማል። እነርሱ ወደ ኢየሩሳሌም መመለስን ይናፍቁ እንደ ነበር እውነት ነው፤ ጎረቤት ስለ ነበሩት ስለ እኛ ምን ይሉ እንደ ነበር ግን የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ነፋሱ ይበረታል፤ ገብሱ በየክምሩ ነበር። ዳባት ስንገባ ቀትር ሆነ። አክስታችን ነጠላቸውን አደግድገው ከደጅ ተቀበሉን፤ እግራችንን ካላጠብሁ ብለው ብዙ ተከራከርን።

ከከተማይቱ አጠገብ አለምዋጭ በሚባለው ስፍራ፥ በትግራይ ከነበሩት ከማይ ዐይኒና ከዓዲ ሐሩሽ ጣቢያዎች የተዛወሩ ኤርትራውያን ሰፍረዋል። በሕግ እነዚህ ስደተኞች ናቸው። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ስምምነት በዘሩ፥ በሃይማኖቱ፥ በዜግነቱ፥ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አስተያየቱ እንዳይሳደድ በበቂ ምክንያት የሚፈራን ሰው ስደተኛ ይለዋል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ከጦርነትና ከሁከት የሸሸውንም ጨመረበት። አገራችንም ይህን በዐዋጅ ቍጥር 1110/2011 ተቀብላለች። ነገር ግን በነሐሴ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚሁ ወረዳ ሲደርስ በጭና ሰላማውያን ገበሬዎች በትግራይ ተዋጊዎች ተገድለዋል። ከዚያ ያመለጡት ድንበር ስላልተሻገሩ ተፈናቃዮች ይባላሉ እንጂ ስደተኞች አይባሉም።

«ሁለት ስም ሰጡን» አሉ አክስታችን፥ ቡናውን እየቈሉ። «ያቺ የኤርትራዋ ሴት ገበያ ላይ ታገኘኛለች። አንቺ ማን አባረረሽ ብላት፥ የገዛ አገሬ ሰዎች አለችኝ። እኔም ከጭና የሸሹ ዘመዶቻችንን ሁለት ወር እዚህ አስቀመጥሁ። እሷን ስደተኛ፥ እነሱን ተፈናቃይ አሏቸው። እኔ ሁሉንም ያው አበላቸዋለሁ።»

ከመደቡ ማዕዘን አንድ ትልቅ የሻይ ማንቈርቈሪያ አየን። እርሳቸው ቡና እንጂ ሻይ አይወዱምና የማን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ከፊት ለፊታቸው ሻይ ቤት የነበረው የትግራይ ሰው፥ አሉን፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ጦርነቱ እንደ ተጫረ፥ አንድ ሌሊት ሄደ።

«ማን አባረረው?» አልናቸው።

«ማንም አላባረረው። ሄደ እንጂ።» ቡናውን ከምጣዱ አወረዱ። ጥቂት ቆይተው፥ «ደጁ ላይ ድንጋይ ይወረውሩ ነበር፤ ልጆች ናቸው» አሉ። ከዚያም ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ወቀጡ። «እኔም ሰምቼ ነበር» አሉ።

እኛም ሌላ አልጠየቅናቸውም። የኔታ ያሉንን ልንነግራቸው አስበን ነበር፤ ቁስቋም እንዴት እንደ ዋለ ብቻ አወራናቸው። ሦስተኛው ቡና ሲያልቅ ተነሥተው ማንቈርቈሪያውን በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው ወደ ቦታው መለሱት። ሲመጣ ይወስደዋል አሉ።