ጉርሻዬ ያሰነፈው እጅ

ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሳገለግል፣ ስንቱን አስታማሚ «ራሱ ይሞክር፣ ሁሉን አትሥሩለት» እያልኩ መክሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ሲሰልል ግን ምክሬን የረሳሁት እኔው ነኝ።

እግሩ ቀስ በቀስ በረታና በከዘራ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን እንደ እንግዳ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ። በግራው እንጀራ መቁረስ አሳፈረው። እኔም አጎርሰው፣ የሸሚዙን ቁልፍ እቆልፍለት፣ ሲነሣም በዚያው በሰለለው እጁ ጎትቼ አነሣው ነበር። አንድ ቀን «ትከሻዬን አመመኝ» አለ። የሰለለ ክንድ ሲጎተት ትከሻ እንደሚጎዳ ለተማሪዎች ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ!

ልጃችን «በኤሌክትሪክ የሚሰጥ አኩፓንክቸር እንሞክርለት» ስትል ተጠራጠርኩ። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት ስላለፈ መርፌው አልገረመኝም፤ ያስፈራኝ ኮረንቲው ነው። ሐኪሙን አማክረን ሄድን። እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ በክርኑ አጠገብና በክንዱ ላይ ገቡ። ትንንሽ ሽቦዎች ተያይዘውባቸው ደካማ ኮረንቲ ተለቀቀ። ጡንቻው ተርገበገበ፤ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። እንባዬ መጣ።

ባለሙያው ግን «ሲስተር፣ አሁን ያንቀሳቀሳቸው ኮረንቲው ነው። ቤት ስትገቡ ማንቀሳቀስ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ለመሆኑ ማነው የሚያጎርሳቸው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከመርፌው ጎን ለጎን የቤት ሥራ አለን። ከሰፌድ ላይ ምስር አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ባዶ ሲኒ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፤ ጠረጴዛ ይወለውላል። ሲደክመው አርፎ ይቀጥላል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሕክምና ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ከእንቅስቃሴ ሕክምና ጋር ሲሰጥ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ እንቅስቃሴውን ግን አይተካም። ለመሞከር ካሰባችሁ መርፌው ከእሽጉ ፊት ለፊታችሁ ይከፈት። ሕመምተኛው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ኮረንቲውን አይሞክረው። «መርፌ ጀምሬያለሁ» ተብሎም የደም ግፊት ኪኒን አይቋረጥም።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ በቀኝ እጁ የልጅ ልጃችንን አጎረሳት። ግማሹ ሽሮ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። መርፌውን ላመስግን ምስሩን፣ ለይቼ መናገር አልችልም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ አፏ ሲሄድ ልረዳው አልተነሣሁም፤ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በነርስነት ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ አልነበረም።