ምሳ አመላላሹ ጊታር መቺ
አንባቢ ሆይ፤ አንቪል የሚባለውን የካናዳ ሄቪ ሜታል ጓድ ባታውቀው አልፈርድብህም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ስቲቭ ከድሎውና ሮብ ራይነር ቶሮንቶ ላይ ጀመሩት፤ የ1982ቱ «ሜታል ኦን ሜታል» የተሰኘው ሸክላቸው እነሜታሊካን ሳይቀር አስደነቀ። በ1984 ጃፓን ውስጥ ከስኮርፒዮንስና ከቦን ጆቪ ጋር በአንድ መድረክ ተሰለፉ። ሌሎቹ ከበሩ፤ እነርሱ ተረሱ።

ከድሎው ግን ቀን ለትምህርት ቤቶች ምሳ በመኪና እያመላለሰ፥ ጊታሩን አልጣለም። በ2008 የወጣውን ፊልማቸውን በዚህ ሰሞን ስመለከት አፈርሁ። መምህር ከሆንሁ ወዲህ ክራሬ ከግድግዳ አልወረደም፤ የማሳብበውም በተማሪዎች ደብተር ነው (አንተስ በመዝገብ ቤቱ ፋይል ታሳብብ የለም?)። ያን ማታ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። ሁለት ጅማት ተበጥሷል። በቀረው ስሞክር ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልሁ።