አመል ነው ወይስ መድኃኒት?

አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ የፓርኪንሰን መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ውርርድ ቤት መዋል ቢያዘወትሩ፣ ወይም ቆጣቢ የነበሩ እናት ታይዋን ገበያ እየወረዱ ቤት የሞላውን ዕቃ ደግመው ደጋግመው ቢገዙ፣ ድሬዳዋ ምን ትላለች? «በስተርጅና ባለጉ» ማለቷ አይቀርም።

ይህ ፍርድ ሰው ይጎዳል። ፓርኪንሰን የሚመጣው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ ነው። ዶፓሚን ደግሞ እጅና እግርን ከማዘዝ ሌላ ጉጉትንም ይቀሰቅሳል። እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉ፣ ዶፓሚንን አስመስለው የሚሠሩ መድኃኒቶች እንቅስቃሴን ሲያቀሉ ጉጉቱንም አብረው ይነካኩታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 3,090 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ 13.6 በመቶዎቹ በቁማር፣ በግዢ፣ በወሲብ ወይም በመብላት ረገድ ራሳቸውን መግታት እንዳቃታቸው አሳይቷል። እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱት መካከል 17.1 በመቶ፣ ከማይወስዱት ደግሞ 6.9 በመቶ ነበሩ።

ታዲያ ያው እንክብል አንዱን ነክቶ ሌላውን ለምን ይምራል?

አንዱ መልስ በዘር የሚወረስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት 276 ሕሙማንን መርምሮ፣ በሰዎቹ መካከል ለታየው ልዩነት 57 በመቶ ያህሉን ድርሻ ለውርስ ሰጥቷል። ጎልተው የታዩት ዘረመሎች የሴሮቶኒንና የኦፒዮይድ መልእክት ተቀባዮችን የሚሠሩት ናቸው። ይህ ማለት ግን የአንድ ሰው ዕጣ በደሙ ተጽፏል ማለት አይደለም፤ ዕድሜም የመድኃኒቱ መጠንም ይወስናሉ።

ችግሩ እንዲህ ያለው ምርምር በአብዛኛው የተሠራው በአውሮፓውያን ዝርያ ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ናይጄሪያውያን የተሳተፉበት ጥናት፣ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥና በአውሮፓውያን ዘንድ እምብዛም የማይታይ የጂቢኤ1 ዘረመል ልዩነት አፍሪካውያን ላይ አግኝቷል። የውጭው ውጤት እንዳለ ለእኛ ሰው ላይሆን እንደሚችል ይህ ያመለክታል። ኢትዮጵያ ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ማገባደጃ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ መስቃንና ማረቆ ላይ ቤት ለቤት ዞረው የነርቭ ሕመም እንዳለ ለማወቅ ከ60 ሺህ በላይ ሰው መርምረዋል። ዛሬም የሚያስፈልገው ያ ትጋት ነው፤ አሁን ደግሞ ከደም ናሙና ጋር።

ድሬዳዋ ላይ ጫትም አለ። ካቲኖኑ ራሱ ዶፓሚን ያስለቅቃልና፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ የማይቀርባቸው ታማሚ ይህን ከሐኪማቸው መደበቅ የለባቸውም። የጠባይ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው፤ አፍሮ ዝም ከማለት አብሮ ሄዶ መናገር ይሻላል። መድኃኒቱን ግን በገዛ እጅ ማቋረጥ አደጋ አለው፤ ሰውነት ይገተራል፣ ጭንቀትና ድባቴ ይከተላል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ወይም በሌላ የሚተካው ሐኪሙ ነው።