ጥጥ ያጣችው ከተማ

ማንችስተር ሲባል ወጣቶቻችን ዐይን ላይ የሚመጣው ኳስ ነው። «ቀዩ ይሻላል ሰማያዊው?» የሚለው ክርክር በምንኖርባት በዚችው ከተማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርኣንና አማርኛ በምናስተምራቸው የሐበሻ ልጆች መካከልም አይበርድም። ከኳሱ ሌላ ምን እንዳላት እናሳያቸው ብለን አንድ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ መሐል ከተማ ይዘናቸው ወጣን።

መድረሳም አስኳላም የተማርን ነንና ወሬ አላጠረንም። ስለ መፍተያ ማሽኑ፣ ስለ እንፋሎት ሞተሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ስለተከፈተው የሊቨርፑልና ማንችስተር የባቡር ሐዲድ በትምህርት ቤት የሸመደድነውን ሁሉ አወረድንላቸው። ልጆቹ አዛጉ። ሮያል ኤክስቼንጅ ስንገባ ግን ነቃ አሉ። የጥጥ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ያ ግዙፍ አዳራሽ ግብይቱ በ1968 ቆሞ ዛሬ ቲያትር ቤት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ዋጋ የተለጠፈበት ሰሌዳ ግን እስከ ዛሬ ከላይ እንደተሰቀለ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሞሮኮዋ ፋስ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚች ከተማ ቤት ይዘው ጨርቅ እየገዙ ወደ አገራቸው ይልኩ እንደነበር ስንነግራቸው፣ አንዱ «በዚህ ዝናብ?» ብሎ አሳቀን። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፤ የአየሩ እርጥበት ክሩ ቶሎ እንዳይበጠስ ስለሚረዳ ለፈትሉ ሥራ ተስማሚ ነበር።

ከዚያ ወጥተን በአብርሃም ሊንከን ስም ወደተሰየመው አደባባይ ደረስን። «ኡስታዝ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እዚህ ምን ይሠራል?» አለን አንዱ። «ታላቅ ሰው ስለነበረ ነው» ብለን ልናልፍ ስንል፣ ሌላው ልጅ የሐውልቱን መቆሚያ እያነበበ ኖሮ «አይደለም ኡስታዝ፣ ለዚህ ከተማ ሰዎች ደብዳቤ ጽፎላቸው ነው» አለ። አፈርን። ማሽኑን ስንቆጥር ጥጡን የለቀመውን ሰው ረስተነው ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላንክሻየር ፋብሪካዎች ከሚፈትሉት ጥጥ አብዛኛው ከአሜሪካ ደቡብ፣ በባርነት ከተያዙ አፍሪካውያን እጅ የሚመጣ ነበር። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ የሊንከን ባሕር ኃይል የደቡቡን ወደቦች ዘጋ። ጥጡ ቀረ፤ ፋብሪካው ቆመ። በ1862 መጨረሻ በአውራጃው በእርዳታ የሚኖረው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። የቤት ዕቃ ተሸጠ፤ የክረምት ልብስ ወለድ አገድ ገባ። በእንግሊዝ አገር ደቡቡን ደግፈን ወደቡን በመርከብ እናስከፍት የሚሉም ጥቂት አልነበሩም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ግን የማንችስተር ሠራተኞች ፍሪ ትሬድ ሆል በሚባለው አዳራሽ ተሰብስበው፣ ባርነትን ለማጥፋት በሚያደርገው ትግል አብረውት መሆናቸውን ለሊንከን ጻፉለት። ያስራባቸውን ሰው ደገፉ ማለት ነው! ሊንከንም ጥር 19 ቀን 1863 መለሰላቸው። ከኒው ዮርክም ጆርጅ ግሪስወልድ የተባለች መርከብ ዱቄት ጭና ሊቨርፑል ገባች። ያ አዳራሽ የቆመበት መሬት ራሱ ታሪክ አለው፤ በ1819 የመምረጥ መብት ሊጠይቅ የወጣ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር ገብቶ ከ15 የማያንሱ ሰዎች የሞቱበት ነው። ዛሬ ሆቴል ሆኗል፤ በደጁ ስናልፍ ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶች ይገቡ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስንተርክ፣ እውነቱን እንናገርና፣ ድምፃችን ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው የ12 ዓመቷ ልጅ የጠየቀችን። አባቷ ይሠራበት የነበረው መጋዘን ሰው ቀንሶ ቤት ከዋለ ሦስተኛ ወሩ ነበር።

«ኡስታዝ፣ አባትየው ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ቤት ያሉት ልጆች በልተው ነበር?»

ዝም ብንል ደስ ባለን። ግን ሁሉም በአንድ ሐሳብ እንዳልነበረ፣ ከሠራተኞቹም መካከል ደቡቡ ያሸንፍልን ያሉ እንደነበሩ ነገርናት። በመጋቢት 1863 ደግሞ ማንችስተር አጠገብ ባለችው ስቴሊብሪጅ፣ እርዳታው በገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በቲኬት ይሁን ሲባል ሕዝቡ ተቆጥቶ ሱቅ እንደሰበረ፣ ወታደርም እንደተጠራበት አስረዳናት። ልጅቷ አዳመጠችና ወደ ሐውልቱ ዞራ መቆሚያውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ታዲያ እነዚያ ለምን እዚህ አልተጻፉም?»

አውቶቡሳችን መጣ። ከኛ ጎን ተቀመጠች፤ እስክትወርድ ድረስም መልሳችንን ትጠብቅ ነበር።