ዲኤክሱን ልግዛው?

ወዳጆቼ፣ አንድ ዲኤክስ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ነጭ ነው፤ ሞተሩ ከነቁጥሩ የራሱ ነው፤ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ደላላው "ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው" እያለ ጠዋት ማታ ይደውላል። ደላላ ይህን ሳይል ውሎ ስለማያውቅ እሱን ተዉት። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት መኪና ደጄ መጥቶ፣ ገንዘቡም እንደምንም ተሟልቶ፣ እጄ አልዘረጋ ብሏል።

ለማያውቀው ሰው፣ ዲኤክስ የምንለው ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያመረተውን አራተኛውን ትውልድ ኮሮላ ነው። ሞተሩ 4ኬ ይባላል፤ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር። በወረቀት ላይ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ስፖርት መኪና ብሎ የጻፈለት የለም። ግን የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው። ቀጥሎ የመጣው ባለ አራት በር ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ሲዞር፣ በኋላ ጎማ መገፋቱን ሳይተው የቀረው ባለ ሁለት በሩ ነበር፤ ዛሬ የጃፓን ወጣቶች ተራራ ለተራራ እያንሸራተቱ ያነገሡት ያ "ኤኢ86" የሚሉት። የአዲስ አበባ ልጆች ይህን ሁሉ ከመጽሔት አልጠበቁም፤ በእጃቸው ደረሱበት። ዲኤክሱን ዝቅ አደረጉት፣ ሰፊ ቸርኬ አለበሱት፣ ማርሚታውን ቀየሩለት። በሌሊት ድምፁ እንቅልፍ የነሳን ሰዎች ብዙ ነን፤ ከመሃላችን ተነስቶ በመስኮት የሚያየውም አይጠፋም።

ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። በእኔ ልጅነት እዚያ መኪና ማለት ጭነት ማለት ነበር። እህልና በግ የሚጭን ኤንትሬ፣ የመንግሥት ወይም የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ ለደስታው ብሎ የሚነዳ አላየንም። ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ዲኤክስ ይዞ ብቅ ሲል ግን ሌላ ነገር ነው። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፣ አቧራ ለብሶ፣ ምንም ሳይጭን ይመጣል። ልቤን የወሰደው ያ ምንም አለመጫኑ ይመስለኛል።

አሁን ልግዛው ብዬ ስነሳ ታዲያ የመጀመሪያው ሰበቤ "ኢንቨስትመንት ነው" የሚል ሆነ። ሰበቡ መሠረት የለውም አልልም። ሌላ አገር አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እንደሚያቃጥል አውቆ ነው የሚገባበት። እኛ ዘንድ ሒሳቡ ተገልብጧል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀና የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ እጥፍ ገደማ ወጣ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን መኪና አርባ ዓመት ቢያልፈውም ባለቤቱ ዋጋ ቀንስ ሲሉት ይስቃል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አስረዳኋት። ጨርሼ ዝም ስል፣ "ኢንቨስትመንት ከሆነ በሌሊት ፎቶውን ምን ታየዋለህ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሚገርመው እንዲህ ያለ ሰበብ የአገራችን ልማድ አልነበረም። መንዝ ሰጋር በቅሎ የሚያውቅ አገር ነው። ሰጋር በቅሎ አታርስም፣ አትወልድም፣ አትታለብም፤ ጭነት የሚጫንባት ሌላዋ ነች። ሰጋሯ የምትገዛው ኮርቻዋ ላይ ተቀምጦ ሳይንገላቱ ለመሄድና ገበያ መሃል ለመታየት ነው፤ ለዚያውም ከበሬ በላይ ተከፍሎባት፣ ገብስ እየተሰፈረላት። የገዛት ሰው "ነገ አትርፌ እሸጣታለሁ" እያለ ለጎረቤት አይምልም ነበር። አማረችው፣ ከፈለ፣ ተቀመጠ። እኔ ግን ደስ ስላለኝ ብቻ ልግዛ ማለት አፍሬ፣ ምኞቴን የሒሳብ ሠራተኛ ልብስ አልብሼው እዞራለሁ።

ምኞት መሆኑን ካመንኩ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። ይህ መኪና ያን የተመኘሁትን ሊሰጠኝ ይችላል ወይ? እኔ የተመኘሁት በዲኤክስ መሐል ሜዳ መግባትን እንጂ ቦሌ ላይ መጨናነቅን አይደለም።

ሞተር የሚኖረው በአየር ነው፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ያልፋል። ከፋብሪካ ሲወጣ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው 4ኬ፣ ጣርማ በር ላይ ዋሻው ሳይደርስ ወደ መዘዞ ታጥፎ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ ሲገባ ከ42 ብዙ አይበልጥም። ያውም አዲስ ሳለ። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሳል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ የቆየው ቤንዚን በከንቱ ይወጣል። የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ይቻላል፤ ግን ያን ለይቶ የሚያውቅ መካኒክ እያነሰ ነው። በዚያ ላይ መሐል ሜዳ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ የቀቀለች የመንዝ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ዳገቱ ላይ መቆም ነው። የሚያናድደው፣ የኤሌክትሪክ መኪና አየር ስለማይፈልግ ይህ ሁሉ አይነካውም። እሱን ግን ማን ተመኘው?

ወንድሜ "ለዚህ ዳገት ቮልስ ይሻልሃል" ይለኛል። ውኃ የለው፣ አይፈላ፤ ሞተሩ ከኋላ ስለተቀመጠ ጎማው ጭቃ ላይ ይቆነጥጣል። እውነቱን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣውም ቮልስ ነው፤ በታሪክ አይታማም። ግን ያልተመኘሁትን መኪና በምክንያት ብዛት ልወደው አልችልም።

የዲኤክሱን ባለቤት ሄጄ አነጋገርኳቸው። ደላላው ሞተሩን ሲያስነሳ እሳቸው እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። "ልጄ፣ ሞተሩን ተወው፤ ሞተር ይሠራል። ሥሩ ግባና ወለሉን እይ" አሉኝ። ገባሁ። በሾፌሩ በኩል ላሜራው በስቶ ተለጥፏል፤ ከኋላ ጎማው በላይ ስቱኮ አለ። ሻጭ ሆነው ይህን ማሳየታቸው ከመኪናው ይበልጥ አስደሰተኝ።

መንገዱም አለ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን በአማራ ያለውን ግጭት ታውቃላችሁ። ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼም ሆነ ወደ መርሐቤቴ ተነስቶ መንዳት እንደ ድሮው የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። እናት ለመጠየቅ እንኳ ስልክ ደውሎ፣ አዳምጦ፣ አሰላስሎ ነው። በዚህ ጊዜ ዲኤክስ ይዤ ጥምቀትን መሐል ሜዳ አከብራለሁ ብል ባለቤቴ ብቻ ሳትሆን ደላላውም ይስቅብኛል።

እንዲያም ሆኖ እገዛዋለሁ። ሁለት ነገር ከተሟላ፦ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ከገጠመ፣ የወለሉን ላሜራ ደግሞ እኔ የማምነው ሰው አይቶ "ይበየዳል" ካለ። ገንዘቡን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን እንደጠፋ ቆጥረነዋል፤ ከልጆቹ ትምህርት አንድ ብር አይነካም፤ "ኢንቨስትመንት" የሚለው ቃልም ከቤታችን ወጥቷል። ዝቅ አላደርገውም፣ ማርሚታውን አልነካም። መንገዱ ሰላም እስኪሆን አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ እሑድ እሑድ እስከ ሰንዳፋ ሄጄ እመለሳለሁ።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ የ4ኬ ካርቡራተር ኦሪጂናሉን ከተመሳሳዩ ለይቶ የሚሸጥ፣ ወይም ደብረ ብርሃን ውስጥ ካርቡራተር ለደጋ የሚያስተካክል ጋራዥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሻጩን ስልክ የምትጠይቁኝ ግን አትድከሙ፣ አልሰጥም።